የጭላንጭል ወረዳ ገዥ

«ሹመት አልወድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውሸታም ነው አትበሉት። እስካሁን ማንም «ልሹምህ» ብሎት የማያውቅ ምስኪን ነው። እኛ የጎንደር ሰዎችማ… ተዉት! የእኛን አገር ሰው ሹሙትና ወደ ገሃነም ላኩት፤ ስለ እሳቱ ሳይሆን «ስንት ገባር አለኝ?» ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እኔው ራሴ ሰው ሾሜ፣ ሰው ሽሬ አይቼዋለሁ። በምድር እንዳይመስላችሁ፤ በሰማይ!

ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። በመተማ በኩል በእግር ተሻግረን፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኛ ሰፈር ውስጥ የሣር ጎጆ ቀልሰን ተቀምጠናል። ምግባችን አገሬው ዱራ የሚለው የእርዳታ ማሽላ ነው። ውኃችን በቦቴ መኪና ይመጣል፤ ሳይፈልግ ደግሞ ይቀራል። ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም። እኔ ደግሞ ልጅ ሳይማር ሲውል ሆዴን የሚቆርጠኝ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ማንም ሳያስተምረኝ፣ መተማ ገበያ ስኳርና ቅመም ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። የዓለምን ታሪክ ሁሉ እስከ ግማሹ አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ሌላ ሰው ቅመም ላይ ነው የቀረው።

እናም ልጄን ዝማምን አመሻሽ ላይ የመንግሥት አስተዳደር ላስተምራት ተነሣሁ። አትሳቁ! ማን እንደሚያስተዳድረው የማያውቅ ሰው፣ ማን እንደሚበድለውም አያውቅም። ችግሩ የምድሩን መንግሥት ማንሣት የማይቻል መሆኑ ነው። በሰፈራችን አንዱ ጎጆ የዚህ የፖለቲካ ድርጅት፣ ሁለተኛው የዚያ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም የሸሸ ነው። «አውራጃ» ብላችሁ አፋችሁን ሳትዘጉ «የማን አውራጃ?» ብሎ ዱላ የሚያነሣ አይጠፋም። ስለዚህ አገሩን እንዳለ ወደ ሰማይ አወጣሁት።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እኔም ሰማዩን ባላርሰው ሸነሸንኩት።

«ከከዋክብት ማዶ አንድ ንጉሠ ነገሥት አለ» አልኳት። «ሰባት ፀሐይ ይገዛል። እያንዳንዱ ፀሐይ ክፍለ ኮከብ ይባላል። ክፍለ ኮከቡ በአውራጃ፣ አውራጃው በወረዳ ይከፈላል። ጨረቃዎቹ ቀበሌ ናቸው።»

«ጨረቃዋ ሊቀመንበር አላት?»

«አላት እንጂ!»

«ማኅተምስ?»

ልጅቷ ገና ከጠዋቱ አስተዳደር ገብቷታል።

የሣር ጎጆ ግድግዳ ግን ወሬ አይቋጥርም። በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃችን ላይ ተኮልኩሎ አገኘሁት። ቀድሞ የተናገረው እንግዳው የሚባለው ጎረቤታችን ነው፤ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ጆንያ ተሸክሞ የሚኖር ቀልደኛ።

«አያ ሞላ፣ ውኃ ያለበት ኮከብ የለም?»

«አለ።»

«ማን ይዞታል?»

«ለጊዜው ማንም።»

«በቃ! እኔን አስበኝ። ዘመድ ለመቼ ነው?»

ባለቤቴ እናንዬ ዱራውን ከጠጠር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «እዚያ ይዘንባል?» አለችኝ።

«ይዘንባል።»

«በወቅቱ?»

«በወቅቱ።»

እጇን ከእህሉ ላይ አንሥታ ሰማዩን አየችው። ከዚያ ወደ ጠጠሯ ተመለሰች።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን አያ ታረቀኝ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም ነበሩ። ሹመቱን አብዮቱ፣ በሬዎቹን ድርቁ፣ ባለቤታቸውን መንገዱ ወሰደባቸው። ሰፈር ከገቡ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት። እናንዬ ገንፎ ስትወስድላቸው «ጠግቤአለሁ» ይላሉ። በዚያ ዓመት «ጠግቤአለሁ» የሚል ሽማግሌ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ እኛው ነን።

እኒህ ሰው አንድ አመሻሽ በዱላቸው ተደግፈው መጡና ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ሞላ» አሉ።

«አቤት አያ።»

«ያቺ ዳር ላይ ያለችው፣ ብርሃኗ የሚንቀጠቀጠው… ማን አላት?»

«እሷማ ድሃ ወረዳ ናት፤ ጭላንጭል ትባላለች። ገዥ የላትም።»

«እሱ ነዋ ያደኸያት!»

ምን ልበል? ሾምኳቸው። ያን ዕለት ገንፏቸውን ጨርሰው ሣህኑን መለሱ። «ሹም በባዶ ሆዱ አይፈርድም» አሉ።

ከዚያ በኋላማ ሌላ ሰው ሆኑ። ኩታቸውን አጠቡ። በውኃ ሰልፍ ሁለት ሴቶች ሲጣሉ «በጭላንጭል ይህ አይደረግም!» ብለው መሐል ይገባሉ። ሴቶቹም ይስቁና ይታረቃሉ። እንግዳው «አያ፣ ዘንድሮ ግብር ስንት ነው?» ሲላቸው፣ «ድርቅ ነው፣ ምሬአለሁ» ይላሉ። በምድር ላይ እንዲህ የሚል ገዥ አይቼ አላውቅም፤ እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ።

ታዲያ ሰይጣን አይተኛምና፣ አንድ ጠዋት ሻዬ ጣፈጠኝ።

«እናንዬ፣ ስኳር ከየት?»

«አያ ታረቀኝ ናቸው የሰጡኝ።»

«በምን ምክንያት?»

«እኔ እንጃ… ጭላንጭል አውራጃ እንድትሆንላቸው መሰለኝ።»

ኧረ በስማም! እጅ መንሻ! ለእኔ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እንኳ ልጄ ፊት እንዳይነገር የከለከልኩ ሰው ነኝ! ደሜ ፈላ። ሻዩን አስቀመጥኩት… ማለቴ፣ ጨርሼ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥቼ ቆምኩ። «ንጉሠ ነገሥቱ እጅ መንሻ የሰጠውን የጭላንጭል ገዥ ከዛሬ ጀምሮ ሽረውታል!» አልኩ። ለፍትሕ የሚጨበጨብ መስሎኝ ነበር። አያ ታረቀኝ ተነሡ፣ ኩታቸውን አስተካከሉ፣ «እጅ ነስቻለሁ» ብለው ዝቅ አሉና ወደ ጎጇቸው ገቡ።

በማግስቱ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ተመለሰ። ገንፎው እንደሄደ መጣ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ውኃ እንኳ ከንፈራቸውን ከማርጠብ አላለፈም።

«ስኳሩን የጠጣኸው አንተ፣ የተሻሩት እሳቸው!» አለች እናንዬ። «ይሄ ነው አስተዳደሩ?»

«ሕግ ሕግ ነው።»

«ደግ። ሕግህ ሲጨርሳቸው አካፋውን አንተ ትይዛለህ።»

ዝማም በበኩሏ «አባባ፣ ንጉሡ አንተ አይደለህ?» አለችኝ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምናገረው» አልኳት። አያችሁልኝ? የመንግሥት ሠራተኛ መሆን እንዲህ በቀላሉ ነው የሚለመደው።

በመጨረሻ እንግዳው ሽማግሌ ሆነና፣ ትኩስ ገንፎ ይዘን አራታችንም ወደ አያ ታረቀኝ ጎጆ ገባን። ከጀርባቸው ተቀመጥን። የትከሻቸው አጥንት በኩታው ላይ ይታያል።

«አያ ሞላ፣ ንጉሡ ይማሯቸው በቃ!» አለ እንግዳው።

ልቤ «እሺ» ሊል ነበር፤ ግን ልጄ ታየኛለች። በእጅ መንሻ ላይ የተፈረደ ፍርድ በልመና ሲሻር ብታይ ምን ትማራለች? እንዴት ያለሁ ችኮ ሰው ነኝ! ሰበብ ፈለግሁ።

«አዋጁ እኮ ወጥቷል» አልኩ። «አሁን መንገድ ላይ ነው። ከመንበሩ እስከ ጭላንጭል ደግሞ እጅግ ሩቅ ነው። የምሕረት አዋጅ ብንልክ እንኳ የፊተኛውን አይደርስበትም።»

ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አልደረሰም?»

«ምኑ አያ?»

«ሽረቱ። ጭላንጭል አልደረሰም?»

«ኧረ ገና ነው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «ሞላ፣ አዋጅ ባገሩ ገበያ ሳይነገር ሹም ይሻራል?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። እውነት እውነት ነው። «አይሻርም» አልኩ።

«እንግዲያ ዛሬ የጭላንጭል ገዥ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት አያ።»

«ታዲያ ገንፎው ለምን ይቀዘቅዛል?»

እናንዬ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። አንድ ጎረሱ። ሁለተኛውን ጎርሰው ሳይውጡ «መቼ ነው የሚደርሰው?» አሉኝ።

ዋሽቼ አላውቅም። አንገታቸውን አየሁት፤ ሲውጡ ጅማቱ ይቆጠራል። «እንደ መንገዱ ነው» አልኩ።

«መንገዱ እንዴት ያለ ነው?»

«እንደ አገራችን መንገድ።»

«እሰይ! እንግዲያ ሞቼ ተቀብሬም ሹም ነኝ!»

እንግዳው መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። እናንዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው ብዬ ተውኩት። አያ ታረቀኝ ሣህኑን በጣታቸው ጠርገው አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በል፣ ወሬው ይቁም! ስኳር የተቀበለው ሰው ይቅረብ!»

«አያ፣ እኔ እኮ…»

«ጠጥተኸዋል፣ አልጠጣኸውም?»

ልጄን አየኋት። «ጠጥቼዋለሁ።»

«ጣፈጠህ?»

«…ጣፈጠኝ።»

«ሰጪው ተሽሮ፣ ተቀባዩ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ወረዳ የለኝም! ሽረቴ ጭላንጭል እስኪደርስ ድረስ ውኃዬን ከቦቴው እየቀዳህ ታመጣለህ። ተፈጸመ!»

እንግዳው አጨበጨበ። ሚስቴ አጨበጨበች። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ያስተማርኳት ልጄ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካን ተሸክሜ ሰልፍ ስቆም «ፍርደኛው ይለፍ! መንገድ ስጡት!» ይሉኛል። አንዳንድ አዛኝ ሰው ደግሞ «ምነው ይግባኝ ብትል?» ብሎ ይመክረኛል።

ብዬ ነበር። ይግባኙም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።