ጋሼ ጥንቃቄ አምስት ከተማ ሊያይ ሲነሣ

በየቤተሰቡ የሁሉንም ሰው ፍርሃት ጠቅልሎ የያዘ አንድ ሰው አለ። ሌሎቻችን መስኮት ከፍተን የምንተኛው፣ የማናውቀውን ውሻ ራሱን የምንደባብሰው እሱ ስለሚፈራልን ነው። እናንተም አታጡትም። ምናልባት አክስታችሁ ናት። ምናልባትም አሁን ከጎናችሁ ተቀምጦ፣ በዚህ ብርሃን ማንበብ ዓይን እንደሚጎዳ እየነገራችሁ ነው። በእኛ ቤት ይህ ከባድ ኃላፊነት የታላቅ ወንድሜ ነው። የወጣለት ስም አለው፤ ግን ከሚስቱ እስከ ጎረቤቱ ሁሉም የሚያውቀው «ጋሼ ጥንቃቄ» ብሎ ነው።

ጋሼ ጥንቃቄ ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ሲጠግን ኖረ። ከሥራ ውጭ ግን አንድም ቀን ሊፍት ውስጥ ሲገባ አላየሁትም። ዘጠነኛ ፎቅ ቀጠሮ ካለው ከሌላው ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሣል። ለምን ሲባል «ውስጡን አውቀዋለኋ!» ይላል። ይቺ አነጋገር ለሁሉም ነገር ታገለግለዋለች። የውሃ ማሞቂያ ሲበራ ከክፍሉ ይወጣል፤ ውስጡን ያውቀዋል። ሠርግ ተጠርቶ ሲሄድ ሙሽሮቹን ከማየቱ በፊት የአዳራሹን መውጫዎች ይቆጥራል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ራሷ ሠርግ ስትጠየቅ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀለበቱን ሲያጠልቅልኝ ጆሮዬ ላይ ምን አለኝ? ‹በር ስትዘጊ እንዳይያዝብሽ!›»

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ የመዞር ሕልም ያለው። የመሣሪያ ቁም ሣጥኑን ስትከፍቱ፣ በበሩ ውስጠኛ በኩል ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጡ የአምስት ከተሞች ሥዕሎች ተለጥፈዋል። አንዷ ወንዝና ድልድይ አላት፣ አንዷ ቀይ ጣሪያ፣ አንዷ ወደብ። ልጅ ሳለሁ እያንዳንዷን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ እየነካ «ጡረታ ስወጣ» ይለኝ ነበር። ጡረታ ወጣ። ሚስቱን አብራው እንድትሄድ ለመናት።

«እኔ ከሱ ጋር አትክልት ልገዛ መሄድ አቅቶኛል» አለች፤ «ባሕር ማዶማ እናንተ ሂዱለት።»

«እናንተ» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሌላ ሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ ታናሽ እኅቱ። ትኬቱ የሁለታችንም ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ ለሚውል ሐሙስ።

ዝግጅቱ አራቱንም ወር ፈጀ። በየማለዳው ይደውላል።

«የመጀመሪያዋ ከተማ ወንዝ አላት።»

«አዎ ጋሼ፤ እሱን ልናይ አይደል የምንሄደው?»

«ከየት ሆነን?»

«ከድልድዩ ላይ።»

«ድልድዩን ማነው የሚመረምረው?»

ሁለተኛዋ ከተማ ባቡሯ መኪና በሚሄድበት መንገድ መሃል ነው የሚያልፈው፤ ያለ አጥር። ሦስተኛዋ ውስጥ የምናድረው ስምንት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። «ስምንት ሰው! በሩ ስንት ነው? አንድ!» ብሎ የስድስት ፎቅ ቁመት ያለው ገመድ ገዛ። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ መሆኑን ነገርኩት። «ቢያዛውሩንስ?» አለኝ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ፊሽካና አንድ ትልቅ መፍቻ ገቡ። ሚስቱ ኪስ ላይ ኪስ እየሰፋችለት «አንተ ሰውዬ፣ ከተማዎቹን ልታይ ነው ልትጠግን?» ትለዋለች።

እኔም እስቅ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን የጨበጥኩበት መዳፌ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ።

አሁን ስለ ቀዩ ካርድ ልንገራችሁ። ሊፍት የሚጠግን ሰው ሊፍቱ ወደሚመላለስበት ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ኃይሉን ያጠፋና ማጥፊያው ላይ ስሙንና ቀኑን የጻፈበት ቀይ ካርድ ይሰቅላል። ካርዱን ከሰቀለው ሰው በቀር ማንም አያወርደውም፣ ኃይሉንም አያበራም፤ አለቃም ቢሆን፣ የሕንፃው ባለቤትም ቢሆን። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ካርድ ይሰቀላል። ጋሼ ይህን ሕግ ቤቱ አስገብቶታል። እግሩ የላላ ወንበር ላይ ይሰቅላል፤ ቴሌቪዥን ላይ ይሰቅላል። አንድ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰቅሎ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሚስቱ ሦስት ቀን እኅቷ ቤት እየሄደች ታጠበች እንጂ ካርዱን አልነካችም።

በመነሻችን ዋዜማ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ቦርሳዬን ላሳየው ቤቱ ሄድኩ። የሱ ቦርሳ በሩ አጠገብ ቆሟል። ማንገቻው ላይ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሏል። ስሙ አለ፤ የዕለቱ ቀን አለ።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ክቡርነታቸው ጠዋት ሰቀሉት። ቁርስም አልቀመሱም።»

«ታዲያ አታወርጂውም?»

«እኔ? የሰቀለው ያውርደው!»

እውነቱን ልናገር፤ ካርዱን ሳየው ትከሻዬ ቀለለኝ። አራት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ይህን ነበር። የድልድዩም፣ የባቡሩም፣ የስምንቱ አልጋም ፍርሃት ወደ እኔ የመጣው ከሱ ቀድሞ ነው። እሱ ይቀራል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን «በጋሼ የተነሣ ቀረሁ» እያልኩ እስቃለሁ ብዬ ነበር።

ጋሼ ጓዳ ውስጥ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ሥዕሎቹ ፊት ቆሟል። ከጀርባው በጣም አርጅቶ ታየኝ።

«ጋሼ» አልኩት፤ «ብንቀርስ?»

ዞር አለ። «ምነው?»

«ፈራኋ።»

«አንቺ?» ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ትኬቱ ከተቆረጠ ጀምሮ። ከዚያም በፊት።»

«ታዲያ ምነው አትናገሪም! እኔኮ ካርዱን የሰቀልኩት ባንቺ ምክንያት ነው። በነገርኩሽ ቁጥር ትስቂያለሽ። ይቺ ልጅ ምንም አትፈራ፣ ድልድይ ላይ ሩጪ ሩጪ ይላታል፣ ምን አድርጌ እመልሳታለሁ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከማይፈራ ሰው ጋር ጉድጓድ ገብቼ አላውቅም።»

«ከሚፈራ ሰው ጋርስ?»

«እሱማ ዓይኑ ሁሉም ቦታ ነው። እሱማ ጥሩ የሥራ ጓደኛ ነው።»

ወጥቶ ካርዱን ከቦርሳው ላይ አወረደው። አገላብጦ አየው፤ ተመልሶም ቁም ሣጥኑን ዘጋና እጀታው ላይ ሰቀለው። አምስቱ ከተሞች ከውስጥ ተዘጋባቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች ሚስቱ ከኋላችን መጥታ።

«ጉድጓድ ልገባ አይደል? የሰቀልኩት እኔ ነኝ። መጥቼ አወርደዋለሁ።»

አንድ ካርድ ስጠኝ አልኩት። ከኪሱ አወጣልኝ። ስሜን ጻፍኩ፤ እንደ ልማዴ ስሕተት እንዳለበት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከሱ ካርድ ጎን ሰቀልኩት።

«ሁለታችሁም ካልመጣችሁ እኔ መዶሻ አላገኝም ማለት ነው?»

«አታገኚም» አላት ጋሼ።

ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ መኪናው ግን ለብዙ ጊዜ ድምፅ አላሰማም።

ይህን የምጽፈው ከሦስተኛዋ ከተማ ነው፤ ስምንት አልጋ ካለው ክፍል። ድልድዩን ተሻግረናል፤ እኔ የግራውን ጠርዝ፣ እሱ የቀኙን እያየ። ዛሬ ጋሼ ማልዶ ተነሥቶ የሕንፃውን መውጫዎች ቆጠረና ሦስት ናቸው አለኝ።

ጫማዬን አድርጌ ወረድኩና እኔም ቆጠርኩ። አራት ናቸው። በማእድ ቤቱ በኩል ያለውን አላየውም። ስነግረው ከሁለቱ ፊሽካዎች አንዱን አውጥቶ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ።