የጉልበት ቅባትና የፈጠራ ማስረጃ

የባህል መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን እንዲነግራችሁ ለምናችሁ ታውቃላችሁ? አትድከሙ። መንግሥትም ሞክሮ አልሆነለትም።

የባህል መድኃኒት አዋቂው አያ ተዘራ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የሳይንስ መንደር ውስጥ የሳይንቲስቶችን ቢሮ ሲያጸዱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፈጠራ ባለቤትነት ማስረጃ አይተው ቅናት ያዛቸው። «የእኔ የጉልበት ቅባት ከዚህ በምን ያንሳል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሄርዝል ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሜ በርበሬ የምሸጠው በእሳቸው ቅባት ነው። ስለዚህ ላስተረጉምላቸው እየሩሳሌም፣ ፈጠራ የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

«ከምን ይሠራል?» አለች ጸሐፊዋ።

«ከሥር።»

«ከምን ሥር?»

«ከዛፍ።»

«ከየትኛው ዛፍ?»

አያ ተዘራ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ መድኃኒቴን ልትወስድብኝ ነው እንዴ?»

ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳች። አሠራሩን ሳይደብቁ ይጽፋሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ሌላው እንዲማርበት ለሕዝብ ያወጣዋል። በምትኩ ለሃያ ዓመት ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም ሠርቶ አይሸጠውም።

«የተነገረ መድኃኒት አይፈውስም» አሉ አያ ተዘራ። «ደግሞስ ለዓለም ሁሉ ካወራሁት በኋላ ምኑን ነው የሚጠብቁልኝ? ያላ፣ ተነሥ እንሂድ!»

አውቶቡስ ውስጥ ለጉልበቴ አሰብኩ፤ ሰውዬው አርጅተዋል። «ለእኔ እንኳ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«አንተማ ነጋዴ ነህ።»

ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጣቸውን ባዶ ቅጽ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ግዴለም፣ እኔ ስሞት ልጄ ይሞላዋል።»

«ልጅዎ ሥሩን ያውቀዋል?»

«ኧረ! ማን ነግሮት?»