የአጣቢዋ ዝይና የብዙኃኑ ደስታ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ከዋሸሁ የእሑድ ምሳዬ ምድጃ ውስጥ ከሰል ሆኖ ይጠብቀኝ! ለለንደን ድሃ ከዚህ የከፋ መሐላ የለም፤ ምድጃው የራሱ አይደለማ። እሑድ ጠዋት ሥጋችንን ለሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ እንሰጥና ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ስንወጣ ተጠብሶ ይቆየናል። ስብከቱ ላይ የምናለቅሰውም ለኃጢአታችን ሳይሆን ለጥብሱ ነው።

በሰፈራችን ሚስተር ጆሳያ ክሎፕተን የሚባሉ ታላቅ ፈላስፋ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያሳደጉት አንዲት ሐሳብ ብቻ ነው፦ «ትክክል ማለት ብዙ ሰው የሚደሰትበት ነው።» ትዳር እንኳ አልያዙም፤ የማግባትን ጥቅምና ጉዳት መዝነው ሳይጨርሱ ያጯት ልጅ አያት ሆነች።

ታዲያ አንድ እሑድ ልብስ አጣቢዋ ዶርካስ ፒም ዝይ ይዛ ወደ ዳቦ ጋጋሪው መጣች። ልጇን ታቢታን ለትዳር የጠየቀው ጎረምሳ ከወላጆቹ ጋር ለምሳ ሊመጣ ነው። የጎረምሳው እናት «ዝይ ማቅረብ ካቃተው ቤት ጋር አልዛመድም» ብላለች። ስለዚህ ሰርጉ የተንጠለጠለው በዝይዋ አንገት ላይ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳቦ ጋጋሪው ዝይዋን አወጣት። ሰፈሩ በሙሉ ዙሪያዋን ከበበ። ፈላስፋው ሽታውን ተከትለው ደረሱ።

«ወይዘሮ ፒም፣ ይህችን የሚበላት ማነው?»

«እኛና እንግዶቼ ነና ጌታዬ። ጥቂት ነን።»

«እዚህ የቆመውስ?»

«እሱማ ሰፈሩ ነው!»

«አየሽ! የጥቂቶች ደስታ ከብዙኃኑ ደስታ ጋር ሲመዘን ላባ ነው።»

«ላባዋን ነቅዬ ነው ያመጣኋት፤ ሥጋዋን ይተዉልኝ እንጂ!»

ፈላስፋው ግን ወደ እኛ ዞረው፣ «ዝይዋ ለሁሉም ትከፋፈል የሚል እጁን ያውጣ» አሉ። ሰፈሩ በሙሉ አወጣ። እኔማ ለፍልስፍና ካለኝ ፍቅር የተነሳ ሁለቱንም እጆቼን ነው ያወጣሁት። አጥንቷ እንኳ አልተረፈ። አንዱን እግር ፈላስፋው ወሰዱ፤ ሐሳቡ የእሳቸው አይደል?

ይህን ጊዜ የጎረምሳው ወላጆች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ታቢታ እንባዋ መጣ። ዶርካስ ግን እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣

«ሚስተር ክሎፕተን፣ እርስዎ ቤት ዛሬ ምሳው ምንድን ነው?» አለች።

«የበሬ ጥብስ። ጣፋጭ ፑዲንግም አለ። ምነው?»

«የሚበላውስ ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ብቻዎን?» ወደ እኛ ዞረች። «ጎረቤቶች፣ ሰማችሁ? እጅ!»

እጃችን ገና ከዝይዋ ስብ አልጸዳም ነበር፤ ቢሆንም አወጣን። ዶርካስ እንግዶቿን አስከትላ ወደ ፈላስፋው ቤት አመራች፤ እኛም ከኋላ።

«ቤቱ የእኔ ነው!» ብለው ጮኹ እየሮጡ። «ሥጋውም የእኔ ነው!»

«ዝይዋስ የማን ነበረች?» አለች ታቢታ።

ፈላስፋው በራሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው በሀፍረት ቀሉ። የጎረምሳው እናት የማን ቤት እንደሆነ ሳትጨነቅ በእሳቸው ወንበር ተቀምጣ ፑዲንጉን ስትቀምስ ፊቷ በራ፦ «ዝይ ጠብቄ ነበር፤ ይኼ ግን የጨዋ ቤት ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ!»

በማግሥቱ ፈላስፋው ሐሳባቸውን አሻሻሉ፦ «ትክክል ማለት ብዙ ሰው የሚደሰትበት ነው፤ የሚስተር ክሎፕተንን ምሳ ሳይጨምር።»

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁና ኅሊናዬን ላሳርፍ። ለታሪኩ ማማሪያ ብዬ ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ ፈላስፋው አፈሩ ያልኩት።