አንድ እጅ ወደ ላይ፣ አንድ እጅ ገንፎው ላይ

እኔ ብዙ አላወራም። ሰላምታ ሲያረዝሙብኝ እንኳ ይደክመኛል። ሰው «እንዴት አደርክ፣ እንዴት ከረምክ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው» ብሎ እስኪጨርስ እጠብቅና «ደህና» ብዬ አልፋለሁ። አንዷ ደህና ለሁሉም ትበቃ የለ? ምን ይጨመርበታል? አንዲት ጥያቄ ግን አለች፤ እሷን የጠየቀኝ ሰው ቶሎ አይነሳም። «ይስማው፣ ገንፎ ማማሰል የት ተማርክ?» ያለኝ እንደሆነ። አንተም ልትጠይቀኝ አፍህን ስታሟሽ አይቼሃለሁ። በል ቁጭ በል።

ጣሊያን አገር ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከቁይ ገበያ እልፍ ብሎ ነበር። ሚስቴ ስመኝ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። የስመኝ እናት ያሉት ደግሞ ዲማ ነው። በደጉ ጊዜ ቢሆን በበቅሎ አዝግሞ የሚደረስበት ነበር። ጣሊያን ግን ዋናውን መንገድ ይዞ ኮረብታው ላይ ምሽግ ሠርቷል። ስለዚህ በገደልና በጢሻ መዞር ነው።

«ትቅር፤ እዚሁ ትውለድ» አልኩ። ሁለት ቀን አስቤ ነው ያልኩት። ስመኝ በአገጯ ወደ በሩ አሳየችኝ። ዞር ስል አማቴ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ያን ሁሉ ገደል በእግራቸው አቋርጠው ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አማት እንዴት እንደሚታፈር ታውቃለህ መቼም። ፊታቸው አትበላም፤ ዓይን ለዓይን አትተያይም። እሳቸውም እኔን ያፍሩኛል። አንድ ነገር ሊነግሩኝ ሲፈልጉ ለስመኝ ይነግሯታል፤ ስመኝ ለእኔ ትነግረኛለች። ሦስታችንም የተቀመጥነው ግን አንድ ምድጃ ዙሪያ ነው! ስመኝ አጠገባቸው ከሌለች ለበቅሎዋ ይነግሯታል። «አንቺ በቅሎ፣ ጭነትሽ ላላ እኮ፤ የጫነሽ ሰው እንቅልፉን አልጨረሰም መሰል» ይላሉ። እሄድና ጭነቱን አጠብቃለሁ። በዚያ መንገድ ላይ በቅሎዋ የጠጣችውን ስድብ ማንም ፍጡር አልጠጣም። ስመኝን «ድንጋይ ዳርንሽ፣ ልጄ» ሲሏትም ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ምን ብዬ ልመልስ? ዝም ብል ድንጋይ ነኝ፤ ብናገር ደፋር ነኝ።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። ስመኝ በቅሎዋ ላይ ሆና ያየችውን ሁሉ ታወራለች፤ አማቴ ከኋላ ይመልሱላታል፤ እኔ ከፊት ልጓም ይዤ ዝም። ስንቁን ያሰናዱት አማቴ ናቸው። አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ በርበሬ በቀንድ።

«ዲማ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይህ ለምኑ ነው፣ እምዬ?» አለች ስመኝ።

«ልጁ ቢቸኩልስ?» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወንዝ ደረስን። ስመኝን አዝዬ አሻገርኳት። አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በርበሬውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በቅሎዋን እየጎተቱ ተከተሉን። በቅሎዋ መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ተቀመጠች። አዎ፣ ውሃው ውስጥ እግሯን አጥፋ እንደ ባላባት ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ የቻለችው ስድብ እዚያ ላይ የበቃት ይመስለኛል። መጫኛው ተፈታ። ዱቄቱን ወንዝ ወሰደው። የቅቤው ቅል ብቻ ተንሳፎ ወደ እኔ መጣ። አማቴ ውሃው መሃል ቆመው በቅሎዋን ይረግማሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ማለታቸው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ዞር ስል ስመኝ መሬት ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች።

«አንት ሰው፣ አትሳቅ» አለችኝ። «ምጤ መጣ።»

ከወንዙ በላይ ያለው መንደር ባዶ ነበር። ሰዉ ጣሊያንን ሸሽቶ ቆላ ወርዷል። አንድ ቤት ብቻ ይጨሳል። አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ «ንቦቼን ጥዬ የትም አልሄድም» ብለው ብቻቸውን ቀርተዋል። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ማር እየላሱ ነው የሚኖሩት። ሁኔታችንን ሲያዩ አልጠየቁንም። ቤታቸውን ለሴቶቹ ለቀቁ፤ እኛ ሁለት ወንዶች ደጅ ወጣን።

እስከ ቀትር ጠበቅን። ሕፃን አለቀሰ። ቀጥሎ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ፤ የሹክሹክታ እልልታ። ምሽጉ ቅርብ ስለሆነ አማቴ ድምፃቸውን አፍነው ነው እልል ያሉት። ቆጠርኩ። ሦስት። ሴት ልጅ ናት!

ደስታዬን ሳልጨርስ በሩ ገርበብ አለ። አማቴ ብቅ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የሚያናግሩት ሰው በዓይናቸው ፈለጉ። ስመኝ የለችም፤ አያ ተገኘ ንቦቻቸው ጋ ናቸው፤ በቅሎዋም ሣር ልትግጥ ሄዳለች። ያለሁት እኔ ነኝ።

«ይስማው» አሉኝ፤ በስሜ። «ልጄ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ደም ፈሷታል፤ ዓይኗ እየዞረ ነው። እጇን ለቅቄ መነሳት አልችልም። አሁኑኑ ትኩስ ነገር ካልወረደላት...» አልጨረሱትም። «ገንፎ አምጣ!» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ገንፎ አምጣ! እኔ? ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ የት ታየ? እኔ ገንፎን የማውቀው ተሠርቶ፣ መሃሉ ያለችው ጉድጓድ ቅቤ ሞልታ ፊቴ ሲቀርብ ነው።

«አያ ተገኘ፣ ዱቄት አለዎት?»

«የለም» አሉ። በጣም ቶሎ አሉት።

በክፈፉ ሥር ቀፎዎች ተደርድረዋል። የሁሉም አፍ የተመረገው በእበት ነው። የሦስተኛው ግን በነጭ ሊጥ ነው። «ይህስ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጢማቸውን ጎተቱ። «ፉርኖ ነው። ጣሊያኖቹ ማሬን ወስደው በዋጋው የሰጡኝ ዱቄት ነው። አልበላውም ብዬ ምርጊት አደረግሁት።» ከጎተራው ሥር አንድ ትንሽ ከረጢት አመጡልኝ። ሰም የሚያቀልጡባት ድስት አላቸው፤ እሷን ሰጡኝ። ማማሰያ የለም፤ ዱላዬን ልጬ አጠብኩት። ለበቅሎዋ ማላሻ የያዝኳት የአሞሌ ስባሪ ጉያዬ ውስጥ ነበረች፤ በቅሎዋ ካልላሰችው በኩል ጨው ፈቀፈቅሁ።

እንግዲህ ፍረደኝ። እኔ በሕይወቴ ያቦካሁት ነገር ቢኖር የቤት ጭቃ ነው። ጭቃ አውቅበታለሁ። አፈሩን ትከምራለህ፣ መሃሉን ትቆፍራለህ፣ ጉድጓዱን ውሃ ትሞላዋለህ። ገንፎስ መሃሉ ጉድጓድ አለው አይደል? በቃ፣ አሠራሩ እንዲሁ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዱቄቱን ድስቷ ውስጥ ከመርኩ። መሃሉን ቆፈርኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁ። እሳት ላይ ጣድኩ።

«ጭድ አይገባበትም?» አሉ አያ ተገኘ። አላሾፉም። እኔም ትንሽ አሰብኩበት።

ጥቂት ቆይቼ ዱላዬን ሳነሳ ድስቷም አብራ ተነሳች።

እንዳንጠለጠልኳት በሩ ድረስ ሄድኩ። አማቴ በክፍተቱ አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ገንፎ።»

«ይህ ለግድግዳ ነው ለአራስ?»

ከውስጥ ስመኝ «እምዬ፣ ምን ሠራ?» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ያኔ አማቴ ያን ሁሉ ዘመን የተፋፈርነውን በአንድ ጊዜ ጣሉት። ልጃቸውን እንደያዙ ከውስጥ ይጮኹብኝ ጀመር።

«ስማኝ! ድስቷን እጠባት! ውሃ ብቻ ጣድ! ጨው ጣልበት! ሲፈላ፣ ሲፈላ ነው ያልኩህ፣ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነስክ አማስል! እጅህን ካቆምክ ይጓጉላል! ሰማይ ቢወድቅ እጅህን እንዳታቆም!»

የቀረው ዱቄት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ጣድኩ። ፈላ። ነሰነስኩ። አማሰልኩ።

ሰማዩ አልወደቀም። ጭሱን ያየ ጣሊያን ግን መጣ። አንድ ነጭ፣ ሦስት አስካሪ የሚባሉ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ አንድ የአገራችን ሰው አስተርጓሚ። አያ ተገኘ እንደ ምሰሶ ደርቀው ቀሩ።

«እጅ ወደ ላይ!» አለ አስተርጓሚው።

ምን ላድርግ? ገንፎው ገና መወፈር መጀመሩ ነው። ግራ እጄን አነሳሁ። በቀኜ አማሰልኩ።

«ሁለቱንም!»

«ይጓጉላል» አልኩ።

ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ልክ በዚህ መሃል አማቴ የውጪውን ሳያውቁ ጮኹ። «ይስማው! እያማሰልክ ነው?»

«እያማሰልኩ ነው!»

«ድምፅህ ምን ያንቀጠቅጠዋል? በሁለት እጅህ አትይዘውም?»

«ማን ናት?» አለ አስተርጓሚው።

«አማቴ ናቸው።» ሕፃኗም ምስክር እንደተጠራ ሰው አለቀሰች።

አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ነገረው። ቋንቋውን አላውቅም። ግን አማት የምትለው ላይ የደረሰ ጊዜ ይመስለኛል፣ የጣሊያኑ ፊት ተለወጠ። በሩን አየ። እኔን አየ። እንደ ሐዘንተኛ ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ ጠመንጃውን አወረደና ሳቁን ለቀቀው። ሁሉም ሳቁ። አስተርጓሚው እንባውን እየጠረገ «ገንፎ የሚያማስል ሽፍታ አይቼ አላውቅም ይላል» አለኝ። አንድ ቅል ማር ወሰዱና ወረዱ። አንዱ አስካሪ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ጠመንጃውን ይዞ እንደ እኔ አየሩን ሲያማስል ነበር።

ሳቃቸው አንጀቴን አሳረረው። ወንድነቴ እዚያች ድስት ውስጥ ቀለጠ አልኩ። እጄን ግን አላቆምኩም። አያ ተገኘን ሳይ ላብ አጥምቋቸው መሬት ተቀምጠዋል።

«ሦስተኛውን ቀፎ ቢከፍቱት ኖሮ አልቆልን ነበር» አሉ።

«ንቡ ክፉ ነው?»

«ንብ የለበትም።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ሁለት ጠመንጃ።»

ገንፎው ደረሰ። ጉድጓዱን አሁን በቦታውና በጊዜው ቆፈርኩለት። ቅቤና በርበሬ ገባበት፤ አያ ተገኘም ከዳር ማር ጨመሩ። በበሩ ክፍተት አቀበልኩና ቆምኩ። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ዝምታ የከበደኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይስማው» አለች ስመኝ።

«አቤት!»

«ይህን የሠራኸው በእጅህ ነው በእግርህ?»

እና ሳቀች። የደከመ ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው። «ሰም ሰም ይላል» አለች፤ ጎረሰች። «ጓሉ የልጅቷን ራስ ያህላል» አለች፤ ጎረሰች። እየሰደበችኝ፣ እየጎረሰች፣ ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ ወዲህ ተሻገረ። እኔ ጭሱን አመካኝቼ ዓይኔን ጠረግሁ።

በኋላ አማቴ ድስቷን ይዘው ወጡ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ዓይኔ እያየ፣ የተረፈውን በጣታቸው እየጠረጉ በሉ። አማት፣ አማች ፊት! ከዚህ ወዲያ ምን መተፋፈር አለ?

«ጨው አንሶታል» አሉ።

አራሷ እስክትጠና አሥር ቀን እዚያ ቆየን። አያ ተገኘ ቆላ ከሸሹት ጎረቤቶቻቸው ገብስ አስመጡልን። አማቴ አሁን እጃቸው ነፃ ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ከድስቷ አጠገብ ይቀመጡና «ጀምር» ይሉኛል። ለበቅሎዋ መናገሩን ተዉት፤ ከሰው ይልቅ በዚህ የተጠቀመችው እሷ ናት። ለመነሳት ስንጫን እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እሜቴ፣ ይህ ነገር ዲማ እንዳይሰማ። ሰው ፊት መቆም አልችልም።»

«ጊዮርጊስን! ከአፌ አይወጣም» አሉ።

ዲማ ስንደርስ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ እየሮጡ መጡ። «ምን ተገኘ? ወንድ ነው ሴት?» ይላሉ። አማቴ ከበቅሎዋ ፊት ቆሙ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እስከ ዛሬ ይታየኛል።

«አማቼ ገንፎ ያማስላል!» አሉ።

ልጅቷን ያስታወሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ወንዶቹ አንድ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። በሁለተኛው ወር አንዱ ሳቂ በቤቱ ጀርባ ዞሮ መጣና ግራ ቀኙን አይቶ «ዱቄቱ የሚገባው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው አልክ?» አለኝ። ሚስቱ ወሯ ገብቶ ነበር። ያኔ ሴቱ በየጢሻው ተሸሽጎ ነው የሚወልደው፤ ከባሏ በቀር ማን አጠገቧ አለ? ከእሱ በኋላ ሌላው መጣ። ከዚያም ሌላው። እኔ ብዙ አላወራም፤ ዱላዬን ብቻ አቀብላቸዋለሁ።

ያቺ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አራስ በሆነች ቁጥር የምታስጠራው እኔን ነው። ጓሉ ዛሬም አልጠፋም፤ እሷም እንደ እናቷ እየሰደበች ሙልጭ አድርጋ ትበላለች።

ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለን ስለ ጣሊያን ጊዜ ስንጫወት ታዲያ ሁሉም ይተኩሳል። አንዱ እዚህ ጥሎ፣ ሌላው እዚያ ማርኮ ይመጣል። በመጨረሻ ወደ እኔ ይዞራሉ። «ይስማው፣ አንተስ?» ይሉኛል።

«ሁለቱንም እጄን አላነሳሁለትም» እላቸዋለሁ።

ከዚያ በላይ አልጨምርም።