ከምግብ በፊት ሁለት ፍሬ

(ሶፋ ማደሻ ቤት። ጠዋት። ሁለት ወንድማማቾች ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ አጠገብ ቆመዋል። ታላቁን ሲያነብና ሲተነትን ስለሚውል ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ ታናሹን ነገር ስለሚዘገይበት «ዘገም»። ዘገም እንቁላል በዳቦ ሊጎርስ ሲል ሊቁ እጁን ይይዘዋል።)

ሊቁ፦ አስኳሉን አውጣው።

ዘገም፦ ጋሼ፣ ተጠብሶ ከነጩ ጋር አንድ ሆኗል እኮ። በምን ላውጣው?

ሊቁ፦ መቀስ አለልህ። አስኳል የነርቭ ጠላት ነው።

ዘገም፦ ቅዳሜ ዕለት ነጩን ተው፣ አስኳሉን ብላ ብለኸኝ ነበር።

ሊቁ፦ የቅዳሜው ሰውዬ ሌላ ነው። ትናንት ያየሁት ቪዲዮ ላይ ያለው ነጭ ጋውን ለብሷል።

ዘገም፦ ለዚህ ነዋ ነጩን ብላ ያለው።

ሊቁ፦ አትቀልድ። አባባ እንዴት እንደሆነ ረሳኸው? እጁ ሳያዝዘው ሲወራጭ፣ መዶሻው ከጣቱ እያመለጠ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ? በዘር የሚወርድ በሽታ ነው። እኔም አንተም የሱ ልጆች ነን። የምንበላውን መርጠን፣ እንክብላችንን ውጠን ካልቀደምነው ይቀድመናል።

ዘገም፦ እሺ። እንቁላሉን ተውኩት። ዳቦውንስ?

ሊቁ፦ ዳቦ ድሮ ቀርቷል።

ዘገም፦ ወተት?

ሊቁ፦ ባለፈው ሳምንት አግደነዋል።

ዘገም፦ ሙዝ አለኝ።

ሊቁ፦ ሙዝ ስኳር ነው፣ ልጣጭ ለብሶ። (መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ሰባት ብልቃጦች አንዱን ያወርዳል።) በል እጅህን ዘርጋ። ከምግብ በፊት ሁለት ፍሬ።

ዘገም፦ ከየትኛው ምግብ በፊት?

ሊቁ፦ ከምትበላው።

ዘገም፦ ከለከልከኝ እኮ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ዝም ብለህ ዋጠው። አእምሮ ውስጥ ዝገት አለ፤ እሱን ነው የሚያራግፈው። ሳይንስ ነው።

ዘገም፦ እንደ ሚስማር ዝገት?

ሊቁ፦ እንደ ሚስማር። የዓሣ ዘይቱንስ ለምን እንደሰጠሁህ ገብቶሃል?

ዘገም፦ አዎ። ለስፌት መኪናው።

ሊቁ፦ ለምኑ?

ዘገም፦ ዝገት፣ ዘይት ስትለኝ ጊዜ እንክብሎቹን በመርፌ እየበሳሁ አጠጣሁት። ጩኸቱ ጠፍቶለታል። ድመቷ ብቻ ከላዩ አልወርድ አለች።

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይዞ) ይህን ጭንቅላት የሚከፍት እንክብል ከየት ይምጣ?

ዘገም፦ ከሰባቱ ብልቃጥ በአንዱ ከሌለ፣ እንጃ።

ሊቁ፦ አለ እንጂ። «የአእምሮ ጋሻ» ይባላል። ግን «የነርቭ ብርታት» እና «ወርቃማው ጥምር» ካልታከሉበት ብቻውን ዋጋ የለውም። እኔ ሦስቱንም ጠዋትና ማታ ነው የምወስደው።

(መዶሻ ሊያነሣ ይራመዳል። በደልዳላው ወለል ላይ ይደናቀፍና የሶፋውን ክንድ ይይዛል።)

ዘገም፦ ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛህ ነው።

ሊቁ፦ ሚስማር ረግጬ ነው።

ዘገም፦ ወለሉን አሁን ነው የጠረግሁት።

ሊቁ፦ ሥራህን ሥራ።

ዘገም፦ በቀደም ጫማህ ውስጥ ሚስማር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስትራመድበት ዋልክ። ካልሲህ ደም ሆኖ ያየሁት እኔ ነኝ። እንዴት አልተሰማህም?

(ሊቁ ከሶፋው የወጣው ስፖንጅ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ ለባለቤቴ እንዳትነግራት። ወራት ሆኖኛል። ባዶ እግሬን ሆኜ ወፍራም ካልሲ ያጠለቅሁ ይመስለኛል። ደረጃ ስወርድ እግሬ የት እንዳረፈ የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው።

ዘገም፦ ምን አደረግህ ታዲያ?

ሊቁ፦ እንክብሉን ጨመርኩ። ምን አደርጋለሁ? የአባባ ነገር ጀመረኝ፣ ወንድሜ። ደግነቱ አንተ ተርፈሃል።

ዘገም፦ እንዴት ተረፍኩ?

ሊቁ፦ የአባባ ሐኪም «ልጆቹ የመያዝ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው» ብላን የለ? እኛ ሁለት ነን። ከሁለታችን አንዳችን ማለት ነው። እኔ ላይ ከወጣ አንተ ነፃ ነህ። ያለቀ ሂሳብ ነው። እሱን እያሰብኩ ነው የምጽናናው።

ዘገም፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «እሱ ልጆች አሉት፣ እኔ ላይ ይሁን» እያልኩ ስንት ጊዜ ተሳልኩ። በኋላ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝና ሄጄ ጠየቅኋት።

ሊቁ፦ ማንን?

ዘገም፦ የአባባን ሐኪም። ትናንት።

ሊቁ፦ ትናንት ስፖንጅ ልትገዛ አይደል የሄድከው?

ዘገም፦ ስፖንጁንም ገዝቻለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር ስልህ የምን ሰልፍ ብለህ አልጠየቅኸኝም።

ሊቁ፦ እሺ፣ ምን አለች?

ዘገም፦ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው አለች። ያንተ ሳንቲም የኔን አያያትም። አንተ ላይ ቢወጣ እኔ አላመልጥም።

ሊቁ፦ ሁለታችንም ልንይዘው እንችላለን ማለት ነው?

ዘገም፦ ሁለታችንም ላንይዘውም እንችላለን።

(ሊቁ በጣቶቹ ይቆጥራል፤ ያጠፋቸዋል፤ እንደገና ይቆጥራል።)

ሊቁ፦ ሦስት መቶ ገጽ አንብቤ ይህ እንዴት አመለጠኝ? ለዚህ ብለህ ነው የሄድከው?

ዘገም፦ ለዚህም። ግን ብልቃጦችህንም ይዤ ሄጄ ነበር። ሰባቱንም፣ በሚስማር ከረጢት።

ሊቁ፦ በማን ፈቃድ?

ዘገም፦ አንተ ፊት ለፊታቸውን ታነባለህ። ፊቱ ቶሎ ያልቃል። እኔ የማነበው ቀስ ብዬ ስለሆነ ጀርባቸውን ያዝኩ። አንተ ጠዋት ማታ የምትወስዳቸው ሦስቱም ላይ ያው ነገር ተጽፏል፤ ቫይታሚን ቢ ስድስት። ስማቸው ሦስት፣ ሆዳቸው አንድ።

ሊቁ፦ ቢ ስድስት ለነርቭ ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል።

ዘገም፦ እሷም ብላለች፤ ጥቂቱ። ሲበዛና ወራት ሲቆይ ግን ራሱ የእግር ነርቭ ይጎዳል አለች። ያደነዝዛል፣ ያደናቅፋል። ብልቃጦቹን ደርድራ ስትደምር ቆየችና «ይህን የሚወስደው ሰው እግሩ ደህና ነው?» አለችኝ። እኔ ምንም ሳልነግራት።

(ሊቁ ጫማውን ያያል።)

ሊቁ፦ የአባባ አይደለም ማለት ነው?

ዘገም፦ ሳላየው አልፈርድም አለች። ግን የአባባ በሽታ እግር በማደንዘዝ አይጀምርም፤ ዛሬውኑ ያቁምና ይምጣ አለች። ሲያቆሙት ብዙውን ጊዜ እያደር ይሻላል።

ሊቁ፦ ይህን ይዘህ እስካሁን ዝም አልክ?

ዘገም፦ ስገባ ልነግርህ ነበር። በእንቁላሉ ያዝከኝ።

ሊቁ፦ የምግቡስ ነገር? በሽታውን የሚያስቀር ምን አለች?

ዘገም፦ የሚያስቀር ምግብም ሆነ እንክብል እስካሁን አልተገኘም አለች። በደንብ ብሉ፣ ተንቀሳቀሱ፣ እንቅልፋችሁን ተኙ። አባባም ሲከሳ ቅባት ያለው ነገር አብሉት ብላን ነበር እኮ።

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቅቤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ዘገም፦ እኔ ተደብቄ አበላው ነበር። በማንኪያ። አንድም ቀን አላጋለጠኝም።

(ሊቁ ፊቱን ያዞራል። ትንሽ ቆይቶ በድንገት ይመለሳል።)

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተንም እኮ ሰባት ወር ሙሉ አስውጬሃለሁ። ያንተ እግር ለምን አልደነዘዘም?

ዘገም፦ እኔ መች ዋጥኩት።

ሊቁ፦ በገዛ እጄ ነው የምሰጥህ።

ዘገም፦ ዘወር ስትል መልሼ እጨምረው ነበር። መጣል አይሆንልኝም።

ሊቁ፦ የት ነው የምትጨምረው?

ዘገም፦ ብልቃጡ ውስጥ። ቀለሙን እያየሁ፣ ወደየቤቱ።

ሊቁ፦ (ብልቃጡን አንሥቶ እያየ) ብልቃጡ አላልቅ ሲለኝ በረከት ገባበት ብዬ እኮ ነው መጠኑን እጥፍ ያደረግሁት።

ዘገም፦ በረከት? ሳይንስ ነው አላልከኝም?

(ሊቁ ሦስቱን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያዞረ ጀርባቸውን ያነባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።)

ሊቁ፦ አሁን ምን ይሻላል?

ዘገም፦ ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለሁለታችንም። አንተን ታይሃለች። የደም ምርመራም አለ፤ የፈለገ ይመረመራል፣ ያልፈለገ ይተዋል። መጀመሪያ ግን ቁጭ ብለን እናወራለን ብላለች።

ሊቁ፦ ጥያቄዎቼን ልጻፋ። ደብተሬን አምጣልኝ።

ዘገም፦ ደብተር አያስፈልግም፣ ጋሼ። የምትጠይቀው እሷ ናት፤ አንተ መልስ ብቻ።

ሊቁ፦ የማላውቀውን ብትጠይቀኝስ?

ዘገም፦ «አላውቅም» ትላታለህ።

(ሊቁ ቃሉን ሊሞክር አፉን ይከፍታል። ይዘጋል። እንደገና ይከፍታል።)

ዘገም፦ ግድ የለም፣ ቀስ በል። እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን አለ።