የግጥሟ ባለቤት

ሰው ግን ይገርማችኋል። የጎረቤት ዶሮ ግቢው ገብታ ቢያገኛት «የማን ናት?» እያለ ሰፈሩን ያዳርሳል። የሰው ቀልድ፣ የሰው ግጥም ሲያገኝ ግን አንስቶ ኪሱ ይከታል። ቀልድ ስለማትንጫጫ መሰለኝ። እስቲ እናንተም ትናንት ያወራችኋትን ቀልድ ከማን እንደሰማችኋት አስቡ። አያችሁ?

እኔ ሰይድ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። ትምህርቱን በጊዜ ተውኩት፤ ወገቤ ግን እስከ ዛሬ ይማራል። እኛ ስንሸከም አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አንድ ቀን ስንዴ ስናራግፍ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ይቺ ወጣችልኝ፦

ጆንያው ቢከብድም ትከሻ አለኝ ለሱ፣
ያንቺ ዝምታ ነው ያጎበጠኝ እሱ።

የመኪናው ጭነት በእሷ ተራግፎ አለቀ። ብዙም ሳይቆይ አብሮኝ የሚሸከመው ከማል ቲክቶክ ላይ ለቀቃት። «የራሴ ግጥም» ብሎ! ፀጉሩን ተቀብቶ! ስጠይቀው «አቦ ሰይዶ፣ ቃል ነው እንጂ በግ ነው እንዴ የወሰድኩብህ?» አለኝ። በግ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የኔ የምለው ነገር እሷ ብቻ ነበረችኝ።

ዘዴው የታናሽ እህቴ የዘሃራ ነው፤ እሷም ከመምህሯ ነው ያመጣችው። ባለቤቱን እየጠራሁ ነው፣ ልብ በሉ። ክፍል ውስጥ የቅጂ መብትን በጨዋታ ነው አሉ የሚማሩት፤ የሰው ነገር ከመናገርህ በፊት ባለቤቱን ትጠራለህ፣ ከረሳህ ትቀጣለህ። እኔም ለምሳ እረፍት መጋዘን ይዤው ሄድኩ። ቅጣቱ ግን የኛ ፈጠራ ነው፦ የረሳ ሰው ባዶ ጆንያ ተከናንቦ እንደ ሙሽራ ይዞራል፣ እኛ እልልታውን እናቀልጠዋለን።

መጀመሪያ ላይ ሙሽራ ያልሆነ አልነበረም። ከማልማ ሲዳር ዋለ! ውሎ ሲያድር ግን አፋችን ተገራ። «የአሊ ናት» ሳይባል ቀልድ፣ «የእናቴ ናት» ሳይባል እርግማን ቀረ።

አንድ ቀን ታዲያ ግጥም የማውጣት ተራው የከማል ደረሰ። ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳደላደለ «የሰይድ ናት!» ብሎ ግጥሜን አወጣት። ከአፉ ያመለጠችው ሳያስብ ነው፤ ራሱም ደነገጠ። መጋዘኑ በሆታ ተናጋ! እኔ ሸክሜን ጥዬ ዘለልኩ፤ ወላሂ ያ ወገብ የኔ አልመሰለኝም። ከማልም አፍሮ ይሁን ወዶ፣ በነጋታው ቲክቶኩ ላይ ስሜን ጻፈባት።

ከዚያ ወዲህ ለጉዳይ ደሴ ወጣሁ። ወደ ፒያሳ ስሄድ የባጃጁ ሹፌር ግጥሜን ያንጎራጉራል! ወደ ፊት ጠጋ አልኩ።

«የማን ናት?» አልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«የሰይድ ናት» አለ ሳያመነታ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «የቱ ሰይድ?»

«የድሮ ተሸካሚ ነበሩ አሉ፣ ኮምቦልቻ። እንዲህ ያለችውን የዛሬ ልጅ መች ይችላታል? ሞተዋል፣ አላህ ይርሃማቸው።»

አለሁ ብዬ ብነግረው ያምነኛል? ደግሞስ እንዲህ ተመስግኜ ማን ይጨቃጨቃል? ከኋላ ወንበር ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩና፣

«አሚን» አልኩ።