ያለ ዳኛ ወረቀት የማይወጣ ካፖርት

ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የሕዝብ ነው! አትቆጡኝ… እኔ ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ጎረቤት ዘው ብሎ ገብቶ ድስቴን ይከፍታል፣ አልጋዬን ያነጥፋል፣ "በልቻለሁ" ስል ምስክር ይጠራብኛል።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ከአርባው በኋላ ግን የሴቶች እድራችን ሊቀመንበር እትዬ ጫልቱ አራት ሴቶች አስከትለው መጡ። በሰፈራችን የሟች ልብስ ተለቅሞ ለችግረኛ ይሰጣል። ሱሪና ሸሚዙን ሰጥቻለሁ። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ካፖርቱን ግን… ትከሻው አሁንም የእሱ ትከሻ ነው። አልሰጥም!

"እሱን እያየሽ ነው የምታለቅሺው። ይውጣ!" አሉ እትዬ ጫልቱ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ተከራዬ የሕግ አስተማሪ ናት፤ ራት ስንበላ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ታጫውተኛለች። "በአሜሪካ ፖሊስ እንኳ ያለ ዳኛ ወረቀት ቤት ገብቶ ዕቃ አይወስድም!" አልኳቸው። የእኛም ሕገ መንግሥት ቤቴን ያስከብርልኛል፤ ግን የእኛን ብጠቅስ ማን ይደነግጥልኛል?

"ያ ዋቃ!" ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ እትዬ ጫልቱ፤ "እንግዲያው ድምፅ እንስጥ።" አምስት እጅ ወጣ።

"እዚያ አገር መብት በእጅ ብልጫ አይነጠቅም!"

እትዬ ጫልቱ እልኸኛ ናቸው። ሄደው የእድሩ ዳኛ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ተከራዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

"'የሟች ልብስ በሙሉ' ይላል። አይሆንም፤ የሚወሰደው ዕቃ ከነቀለሙ ከነአዝራሩ ተለይቶ መጻፍ አለበት።"

"ሳንገባ በምን እናየዋለን?"

"እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው፣ እትዬ።"

በዚህ መሃል ዝናቡ ወረደ። አራቱ ሴቶች ሮጡ። እትዬ ጫልቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወረቀታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ቀሩ፣ ብስብስ ብለው ረጠቡ። አላስቻለኝም። ካፖርቱን አውርጄ በገዛ እጄ አለበስኳቸው።

"ያለ ወረቀት?" አሉኝ።

"ያለ ወረቀት።"

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኋላ አየሁት… ያ ሰፊ ትከሻ፣ ወደ ገበያ ሲሄድ እንደነበረው። እንባዬ መጣ ስል ሳቄ ቀደመው።

በማግስቱ አጥፈው መለሱልኝ። "እርስዎ ጋ ይሁን" አልኳቸው፤ "ግን በዘነበ ቁጥር ለብሰውት በደጄ ይለፉ።"

"ይኼማ ምን ችግር አለው!" ብለው ተስማሙ።

የከተማችንን የመቱን ዝናብ የማታውቁ ቀላል ውል ይመስላችኋል። ምስኪን! በዚያ ጉልበታቸው በቀን ሁለት ጊዜ እያለፉ ነው።